ጠብቆ፣ ላልቶ

ቪልኒዩስ ተኝታለች፤ የኔሪስ ጀርባው ረግቶ፣
አንድ መስኮት ብቻ ሦስተኛ ፎቅ ላይ በርቶ።
እሱ የኛ ነው።
እኔና ስኪርማንቴ፣ የሚያጉረመርም ማቀዝቀዣ፣
በሐምራዊ መብራት ሥር የተደረደረ አረም፤
ውጭ ቢሆን ግንብ ሥር በቅሎ ማንም የሚረግጠው።

እዚያ ቅጠል ውስጥ አንዲት አር ኤን ኤ አለች።
ሃያ አንድ ፊደል ናት፣ ብትረዝም ሃያ ሁለት፤
ፕሮቲን አትሠራ፣ ዘር አታወርስ፣ የላትም ሌላ ሀብት፤
ሙያዋ ዝም ማሰኘት።
ረጅሙ መልእክት ትእዛዝ ተሸክሞ ሲሮጥ
መንገድ ላይ ጠብቃ፣ ደረቱ ላይ ተለጥፋ፣ አፉን መለጎም፤
ቅጠሉ ቅጠል እንዲሆን፣
አበባው ከቀኑ እንዳይቀድም።

ግን ጫፏ እርቃን ነው።
በሴሉ ጓዳ የሚዞር አንድ ጭራ ቀጣይ አለ፣
ዩ፣ ዩ፣ ዩ እያለ
ከኋላዋ ይሰፋል።
ጭራ ያበቀለችን ደግሞ በላተኛ ያውቃታል፣
ከመጨረሻዋ ፊደል ጀምሮ ይቆረጥማታል።

ሴሉም ይህን አውቆ፣ ቀድሞ፣
አንድ ካርቦን ከሦስት ሃይድሮጅን ጋር አጋጥሞ
ከአቧራ ያነሰች ቁልፍ
ይሰፋላታል ከመጨረሻው ጫፍ።
ሜቲል ነው ስሟ።
ፊደሉ ያው ፊደል፣ ቃሉም ያው ቃል፤
በላተኛው ግን አሽትቶ ያልፋል።

ከመደርደሪያው ዳር ቆላፊው ኤንዛይም የጎደላት ተክል አለች፤
ቅጠሏ ተጨማዷል፣ ወቅት ጠፍቶባታል።
ትንንሾቹ ቃላት ሁሉም ተጽፈውላት ነበር፣
የሚቆልፍላቸው ጠፍቶ ተበልተው አለቁ።

ዕረፍት ላይ፣ ጥቁር ዳቦ እየቆረሰች፣
«ማሽኑ ፊደሏን ያነባል፣ ቁልፏን ግን አያይም» አለች።
«እናንተ ጋ እንዲህ ያለ ነገር አለ?»
የእጅ ማድረቂያ ወረቀት ስቤ «ዋና» ብዬ ጻፍኩ።
«ሲላላ ውሃ ውስጥ ነው፣ ሲጠብቅ የነገሩ ራስ።
ሥዕሉ አንድ ነው።»
«ታዲያ አንባቢው በምን ይለያል?»
«በአፉ።»
ሳቀች። «የኛ ማሽን አፍ የለውም።»

ስለዚህ በኬሚካል እናናግራታለን፣
ፔሪዮዴት ውስጥ ነክረን።
እርቃኗ የጫፍ ፊደሏን ጥላ
ጄሉ ላይ የፀጉር ያህል ወደ ታች ትወርዳለች፤
ቁልፍ ያላት ካለችበት ንቅንቅ አትልም።
ወይ ወረደች፣ ወይ አለች፤
ሌላ ንባብ የለም።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል ስልኬ ጠረጴዛው ላይ ተንዘፈዘፈ።
ከቱሪን፣ ወንድሜ ኅሩይ፦
አባባ ገና አለ
ይኸው ነው። አራት ነጥብ የለው፣ ጥያቄ ምልክት የለው።
ሰባት ፊደል፣ የሃያ አንድ ሲሶ።
አባባ ከማታ ጀምሮ ደረቱ ተከፍቶ ነበር፣
የልቡ በር ሊቀየር።

ቆሜ አነበብኩት።
ሁለቱንም አላልቼ፦ «ገና!» አለ፤ የመጣበትን መለሰው።
ኋለኛውን አጥብቄ፦ እስካሁን አለ። እስከ መቼ?
ፊተኛውን አጥብቄ፦ ዐይኑን ገልጦ ስለ በዓሉ አነሳ፣
አሥራ ሁለት ቀን ስለቀረው።
ሁለቱንም ካጠበቅሁ ደግሞ መልእክቱ የኔ አይደለም፣
ለአባባ ማጽናኛ ተጽፎ አድራሻ የሳተ ነው፦
አባባ፣ ገና አለ።

«በአፍህ ንገረኝ» ብዬ መለስኩ፣ ጓንቴን ሳላወልቅ፣
ሦስቴ እየተሳሳትኩ።

ስኪርማንቴ የጄሉን ፎቶ ወደ ብርሃን አዞረች።
«አልወረደችም» አለች፤ ስለ ሥራችን ነበር።

ድምፅ መጣ። የኅሩይ አይደለም።
ቱቦ ያደረቀው ጉሮሮ፣ ከሥሩ የማሽን ጥዝታ፣
«ገ... ና»
ደጋገምኩት።
ጠብቆ ይሁን ላልቶ
አልለየሁም።

«ምን አለ?» አለችኝ።
«አለ» አልኳት፣ በአማርኛ፣
አጥብቄ።